«የግል ጉዳያችሁ ነው» አሉኝ

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ሊያልቅ አንድ ምዕራፍ ነው የቀረው። አማካሪዬ ረቂቄን ከያዘው ሦስት ወር አለፈ። ስጠይቀው «ማታ ደውዪልኝና እናወራለን» ይለኛል። ስደውል ወሬው ስለ ጽሑፉ አይደለም። እምቢ ካልኩት ወዲህ ቢሮው ስሄድ ቀና ብሎ እንኳን አያየኝም። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነገርኳቸው። «ይሄ የሁለታችሁ የግል ጉዳይ ነው፤ ትልቅ ሰው ስለሆነ በትሕትና አናግሪው» አሉኝ። እውነት ዩኒቨርሲቲውን አይመለከተውም? ወይስ ነገር የማካብደው እኔ ነኝ? እርስዎ ምን ይላሉ?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ እህቴ፣ አላካበድሽም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ቀና ብሎ እንኳን አያየኝም» ያልሽው ጋ ስደርስ ሆዴ ባባ። እምቢ ማለት ስንት እንዳስከፈለሽ እዚያች ላይ ይታያል።

መጀመሪያ «የግል ጉዳይ» ለሚለው ልመልስ። ይሄ ሰው ረቂቅሽን የያዘው ጎረቤትሽ ስለሆነ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጽፎ አማካሪሽ አድርጎ ስለመደበው ነው። ውጤትሽ ላይ እንዲፈርም ሥልጣን የሰጠውም ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። በዚያ ሥልጣን ሲያስጨንቅሽ፣ ሥልጣኑን የሰጠው አካል «እኔ የለሁበትም» ሊል አይችልም።

ለኃላፊው የነገርሽበት ቀን ደግሞ ቀላል ቀን አይደለም። እሳቸው በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ለአንቺ ዩኒቨርሲቲው ማለት ናቸው። እሳቸው ሰሙ ማለት ተቋሙ ሰማ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለፈው እያንዳንዱ ሳምንት አማካሪሽን ብቻ ሳይሆን ተቋሙንም ያስጠይቃል።

ይሄን የምልሽ ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሥርዓተ ፆታ ቢሮ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መጣች። አስተማሪዋ እንደሚያስቸግራት ነገረችኝ። እኔም «እስቲ ሴሚስተሩን ጨርሺና ከዚያ እንነጋገራለን» አልኳት። ያሰብኩላት መስሎኝ ነበር። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ሄደች። በኋላ ሬጅስትራር ሄጄ ፋይሏን አየሁት። «ትምህርቷን በራሷ ፈቃድ አቋርጣለች» ይላል። ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለው። በራሷ ፈቃድ! ማንም አላባረራትም፣ ማንም ውጪ አላላትም። ሁላችንም ዝም ነው ያልነው። ዝም ካሉት አንዷ ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ተቋም «ይሄን ያህል ሴት ተማሪ ተቀበልን» ሲል ስሰማ፣ ስንቷ «በራሷ ፈቃድ» ተብላ እንደወጣች መጠየቅ ነው የሚቀናኝ።

ኃላፊነቱ ደግሞ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። በሴቶች ላይ የሚደረግ ማንኛውንም ዓይነት አድልዎ ለማስወገድ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አንቀጽ 10 ስለ ትምህርት ነው። አንቀጽ 2 ደግሞ መንግሥታት ራሳቸው እንዳያዳሉ ብቻ አይልም። ማንም ሰው፣ ማንም ድርጅት እንዳያዳላ ማድረግም ግዴታቸው ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የአፍሪካ ሴቶች መብቶች ፕሮቶኮል፣ ማፑቶ ፕሮቶኮል የሚባለው፣ የበለጠ ወደ አንቺ ጉዳይ ይጠጋል። አንቀጽ 12 ጾታዊ ትንኮሳን በስሙ ይጠራዋል። ሴቶች በትምህርት ተቋማት ውስጥ ከትንኮሳ እንዲጠበቁ፣ አጥፊዎች እንዲቀጡ፣ ለተጎዱትም የምክር አገልግሎት እንዲኖር ያዝዛል። ይሄ ሁሉ ተጽፎ ሳለ «በትሕትና አናግሪው» መልስ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች በጾታዊ ትንኮሳ የተነሳ የገዛ ዩኒቨርሲቲያቸውን ከሰሱ። የፈለጉት ገንዘብ አልነበረም። አቤት የምንልበት ሥርዓት ይዘርጋልን ነው ያሉት። በ1980 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አልፈረደላቸውም። ዳሩ ግን ዩኒቨርሲቲው እስከዚያ ድረስ የአቤቱታ ሥርዓቱን አውጥቶ ነበር። ለራሳቸው ሳይፈረድላቸው ከኋላቸው ለመጡት በር ከፈቱ። እኔ የእነሱን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ አንቺ። ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዢ። ቢሮዬ ከመጡት ጉዳዮች ሁሉ የማልረሳው የአንዷን ባለ ሠላሳ ሁለት ሉህ ደብተር ነው። ፊተኛው ገጽ ላይ የፊዚክስ ኖት ነበረበት። ከጀርባው ገልብጣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንዳላት፣ ማን አጠገባቸው እንደነበር በአንድ በአንድ መስመር ጽፋለች። ስድብ የለበትም፣ ለቅሶ የለበትም። ኮሚቴው ፊት ሲነበብ ቤቱ ጸጥ አለ። አንቺም እንደዚያ ጻፊ። የላከልሽን መልእክት አታጥፊ፣ ስክሪንሾት አንሺና ለምታምኛት ጓደኛሽ ላኪላት።

አቤቱታሽን በቃል አትድገሚው። በጽሑፍ አድርጊው፤ ለኃላፊው ጽፈሽ ለዲኑና ለሥርዓተ ፆታ ቢሮው ግልባጭ አድርጊ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገሽ ቁጥሩን ተቀበይ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ ነገ «አልደረሰንም» ይባላል።

ሁለት ነገር ለያይተሽ ጠይቂ። አንደኛው ማጣራቱ ነው፤ እሱ ጊዜ ይወስዳል፣ አማካሪሽም መልስ የመስጠት መብት አለው። ሁለተኛው ግን ማጣራቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። አማካሪ ይቀየርልሽ፣ ፈታኞችሽ መሃል አይቀመጥ፣ ያባከነብሽ ሦስት ወር በጊዜ ይካካስልሽ። አማካሪ መቀየር ቅጣት አይደለም፣ ስለዚህ «ገና አልተረጋገጠበትም» የሚለው ምክንያት አይሠራም። «አንቺ ሌላ ርዕስ ፈልጊ» ቢሉሽ ግን እሺ እንዳትዪ። ዓመት ሙሉ የለፋሽበት ሥራ ያንቺ ነው። መነሳት ያለበት እሱ ነው።

«ተቀመጡና እናስታርቃችሁ» የሚልም አይጠፋም። አትግቢበት። አልተጣላችሁማ! ደግሞ ነገሩ ከወሬ አልፎ እጁን ካነሳብሽ ወይም ካስገደደሽ፣ ያ ወንጀል ነው። የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ፖሊስንም ሐኪምንም አይተካም፣ ቀጥታ ሂጂ።

ደብዳቤውን ስትጽፊ ለኃላፊው የነገርሽበትን ቀን የመጀመሪያው መስመር ላይ አስገቢው። የሰጡሽንም መልስ ቃል በቃል ጻፊው።