ሽቅብ ቁልቁሉን ከእማዬ ጋር፦ አንድ ቀን በፖርቹጋል ተራሮች

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። በመስከረም እናታችን ከደብረ ብርሃን ስለምትመጣ ሊዝበን ይዘናት ልንሄድ ነው። አንዱን ቀን መኪና ተከራይተን የተራራ መንደሮችን ማየት አማረን። ሎዛ፣ ፒዮዳው፣ ቶሬና ሞንሳንቱ በአንድ ቀን ይዳረሳሉ? እማዬን ኩርባ ያዞራታል፣ ከፍታውም አስግቶናል። ረቡዕና አርብ ደግሞ ትጾማለች።

መልስ፦ አይዳረሱም። ካርታው ላይ ጎረቤት ይመስላሉ እንጂ መንገዱ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ነው፤ አራቱንም ካላችሁ እናታችሁ የሚያዩት የመኪናውን ጣሪያ ነው። አንዱን ተራራ ምረጡ። እኔ ሴራ ዳ ኢሽትሬላን እላለሁ። ደግሞ ከሊዝበን ደርሶ መልስ አትሞክሩት፣ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፤ ዋዜማውን ተራራው ሥር ያለችው ኮቪልያ ከተማ እደሩ።

ኮቪልያ ያልኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1487 የፖርቹጋል ንጉሥ ጆአው 2ኛ የቄሱን ንጉሥ (አውሮፓውያን ፕሬስተር ጆን የሚሉትን) አገር ፈልግ ብሎ የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። አጼ እስክንድር ዘንድ ደረሰ፣ በክብር ተቀበሉት፣ ከዚያ ግን ልሂድ ቢል ማን ይልቀቀው! ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቹጋል መልእክተኞች አጼ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲመጡ አርጅቶ እዚያው አገኙት። ሐውልቱ መሃል ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል። እናታችሁን አጠገቡ ፎቶ አንሷቸው፤ የአገራቸው አማች ነው።

ጠዋት ወደ ኢሽትሬላ ጫፍ፣ ወደ ቶሬ ውጡ። ደሴቶቹን ሳይጨምር የፖርቹጋል ከፍተኛው ቦታ ነው፣ 1993 ሜትር። (2000 እንዲሞላ ብለው የ7 ሜትር የድንጋይ ግንብ ጨመሩበት። አይ ሰው!) ደብረ ብርሃን ከ2700 ሜትር በላይ ነች፤ እናታችሁ እዚያ ላይ ሲደርሱ ቆላ የወረዱ ነው የሚመስላቸው። ስለ ከፍታው ተዉት።

ከቶሬ በሎሪጋ በኩል ውረዱ። ሎሪጋ ተራራው ጉያ ውስጥ የተሸጎጠች መንደር ነች፣ ከሥሯ እርከኑ በድንጋይ ተደርድሮ እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ኮንሶን ያየ ሰው ቆም ብሎ ማየቱ አይቀርም። ከዚያ በአልቮኩ ዳ ሴራና በኡንያይሽ ዳ ሴራ አድርጋችሁ ኮቪልያ ትመለሳላችሁ። በቃ፣ ቀኑ ይኸው ነው።

የማዞሩ ነገር ግማሹ ከሹፌሩ ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጡ እየለቀቁ ሳይሆን በሁለተኛ ማርሽ ይዛችሁ ውረዱ፣ እሳቸው ጋቢና ይቀመጡ፣ ስልክ አያሳዩዋቸው። እዚያ የሚከራየው መኪና አብዛኛው ማኑዋል ስለሆነ አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ያዙ። መንደር ስትደርሱ ደግሞ መኪናውን መግቢያው ላይ አቁማችሁ በእግር ግቡ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ስልኬን አምኜ ሁለት የድንጋይ ቤቶች መሃል ገባሁና ስፖኪዮዬን ግድግዳው ላይ ፈገፈግሁት፤ አንዲት አሮጊት በመስኮት ብቅ ብለው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ በእጃቸው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያሉ አስወጡኝ። የየቀኑ ሥራቸው ሳይሆን አይቀርም።

ፒዮዳውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በሮቿና መስኮቶቿ ሰማያዊ ናቸው፣ ቤቶቿ ጥቁር ድንጋይ፣ ታምራለች፤ ግን ሌላ ተራራ ላይ ነች፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት የተነሳው ሰደድ እሳትም ዙሪያዋን ክፉኛ ጎድቶታል።

አሁን ወደ ጾሙ። ረቡዕና አርብ አትሂዱ፣ ምክንያቱም የአካባቢው አይብ ያመልጣችኋል። የበግ ወተት ነው፣ የሚረጋውም እንደ ኮሸሽላ ባለ ሐምራዊ እሾሃማ አበባ ነው። ለጋው ሲሆን ክዳኑን ቆርጠው እንደ ገንፎ በማንኪያ ይዝቁታል። ቀኑ አርብ ላይ ከወደቀ ግን ብሮዋ የሚሉትን የበቆሎ ዳቦ በወይራ ፍሬ ይብሉ። ካልዱ ቬርድ የሚባለው የጎመን ሾርባም አለ፣ ግን ቋሊማ ጣል ያደርጉበታልና ስታዙ «ሴም ሾሪሱ» በሉ፣ ያለ ቋሊማ ማለት ነው፤ ሲመጣም በማንኪያ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት።