ስስ ብረት ለምትፈልጉ የአዳማ ምትሃተኞች

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

እኔ የባቲላሜራ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት አዳማ ጋራዥ ውስጥ የተጨማደደ የመኪና አካል ሳቃና፣ ዝገት የበላውን ላሜራ ቆርጬ ስተካ ነው። ምትሃት አልችልም። ጣቶቼም ለዚያ የሚሆኑ አይደሉም። ግን በልደት፣ በሠርግና በትምህርት ቤት በዓል ላይ ምትሃት የሚያሳዩ ወጣቶች ወደ ጋራዡ ብቅ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። የሚጠይቁኝ ነገር ያው ነው፦ "ጋሼ፣ ማግኔት የሚይዘው፣ ግን ወረቀት የሚያክል ስስ ብረት ከየት ይገኛል?" አንዳንዶቻችሁ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ እንዲያመጣላችሁ ትለማመጣላችሁ። ዘመዱን ተዉት። ብረቱ እዚሁ አለ፤ እንዲያውም ሰው እየጣለው ነው።

በየትኛው ትርኢት ውስጥ እንደሚገባ ግን ከእኔ አትሰሙም። ያሳዩኝ ልጆች አደራ ብለውኛል።

ዕቃ ፍለጋ ስትወጡ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይኑር። በዓይን ብቻ ከመረጣችሁ ትሸወዳላችሁ። የለስላሳና የቢራ ጣሳ አልሙኒየም ነው፤ ማግኔት ዞር ብሎም አያየውም። ስቴንለስ ደግሞ ጠባዩ ሁለት ነው። 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለበት፣ ለጥሩ ድስት የሚሆነው፣ በማግኔት አይያዝም። ኒኬል የሌለበት ረከስ ያለው ግን ይያዛል። እቤት ያለውን ማንኪያ ሁሉ ሞክሩት፤ ሁለቱንም ዓይነት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ከሁሉ የሚቀርባችሁ ቆርኪ ነው። ውፍረቱ ወደ ሩብ ሚሊሜትር ይጠጋል። ጠርዙ ላይ 21 ጥርስ አለው፤ ካላመናችሁ ቁጠሩት። ውስጡ ያለችውን ፕላስቲክ አውጡና መስፍ ላይ ገልብጣችሁ፣ ከጠርዝ ወደ መሐል በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ጠፍጥፉት። ጥርሱ የነበረበት ቦታ መጨማደዱ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚጠቅማችሁ መሐሉ ብቻ ነው። ለትንሽ ነገር ይበቃል። ሰፋ ያለ ከፈለጋችሁ የወተት ዱቄትና የቲማቲም ድልህ ጣሳ አለላችሁ። ጎኑ ላይ ያለውን ጉብ ጉብ መስመር ትታችሁ ሜዳ የሆነውን ቁረጡ።

የጣሪያ ቆርቆሮም ይሆናል። የጌጁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል፤ ባለ 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ግን ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ እሳት አታስነኩት። የዚንክ ጭስ የሳበ ሰው ማታውኑ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። በየጋራዡ "ወተት ጠጣበት" ይባላል። ወተቱን ጠጡ፣ አልጠላም። መድኃኒቱ ግን ጭሱን አለመሳብ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የተቃጠለ ስታብላይዘር ወይም የድሮ ሬዲዮ ትራንስፎርመር ካገኛችሁ እንዳታሳልፉት። መዳቡን ገለጥ ስታደርጉ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደረ የብረት ቅጠል ታያላችሁ። እያንዳንዱ ቅጠል ብዙ ጊዜ 0.35 ወይም 0.5 ሚሊሜትር ነው። በቫርኒሽ ስለተጣበቀ የመጀመሪያውን ለማላቀቅ በቢላ ጫፍ መታገል ይኖርባችኋል። አንዱ ከወጣ ሌላው እየተከተለ ይመጣል። ይህ ብረት ሲሊከን የተቀላቀለበት ነው። ማግኔት ሲጠጋው ወዲያው ይሳባል፤ ማግኔቱ ሲርቅ ደግሞ ወዲያው ይረሳዋል። ለእናንተ ሥራ ትልቁ ነገር ይኼ መርሳቱ ነው።

ለምን? ልጆቹ ሁሉ መጀመሪያ ይዘውልኝ የሚመጡት የጺም ምላጭ ነው። እውነት ነው፣ 0.1 ሚሊሜትር ነው፣ ማግኔትም ይይዘዋል። ነገር ግን ምላጭም ሆነ የሴጌቶ መጋዝ የጠነከረ ብረት ነው። ጠንካራ ብረት ከማግኔት ጋር ከዋለ ራሱ ማግኔት ሆኖ ያድራል። ከዚያ ትርኢቱ መሐል መርፌ ጎትቶ ይመጣል፣ ወይም መልቀቅ ሲገባው አልለቅም ይላል። ተመልካች ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ዓይኑ አይጣል ነው። ጣታችሁን እንደሚቆርጣችሁ መቼም አልነግራችሁም።

የት ትሄዳላችሁ? አዳማ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ ጋራዥ ሞልቷል። ሞተር የሚጠቀልሉ ቤቶች ጠይቁ። "ቆራሌው!" እያለ በሰፈራችሁ የሚያልፈውን ልጅ ተወዳጁት። ምን እንደምትፈልጉ አንዴ ካሳያችሁት ለይቶ ያስቀምጥላችኋል፤ ዋጋውም በኪሎ እንጂ በምትሃት ዕቃ ሒሳብ አይደለም። ማይክሮዌቭ ግን አደራ፣ አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

የውፍረት መለኪያ የለኝም የሚል ካለ ቀላል ነው። አሥር ቁራጭ ደርድሩ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ በማስመሪያ ለኩ፣ ለአሥር አካፍሉ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትስቱበት ነገር ላይ ደረስን። "ከሁሉ የሳሳውን ስጠኝ" ትላላችሁ። ብረት የሚሸከመው የማግኔት ጉልበት ልክ አለው። በጣም ከሳሳ ቶሎ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የቱንም ያህል ትልቅ ማግኔት ብታመጡ ብዙም አይጨምርላችሁም። በማግኔቱና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተትም ጉልበቱን በፍጥነት ይበላል። ስለዚህ ብረቱን ብቻውን ሳይሆን በትርኢቱ ላይ እንደሚሆነው አድርጋችሁ ፈትኑት። ቁራጩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። በላዩ ወረቀት አንጥፉ። ማግኔቱን ከላይ አሳርፉና አንሱ። ተነሳ? አንድ ወረቀት ጨምሩ። እንደገና። ብረቱ ማግኔቱን መከተል እስኪያቅተው ድረስ ወረቀት በወረቀት ቀጥሉ። ከዚያ የእናንተ ጨርቅ ወይም ካርቶን ስንት ወረቀት እንደሚያህል እዩ። ከአቅሙ ጥግ ላይ ያለ ብረት አትጠቀሙ፤ እጃችሁ በላብ የራሰ ቀን ያዋርዳችኋል። ካልበቃ ደግሞ ወፍራም ከመፈለግ ሁለት ስስ ቁራጭ ደርቡ። እንደልብ ይታጠፋል፣ ጉልበትም ይጨምራል።

አቆራረጡ ላይ አልከራከርም፤ የቆርቆሮ መቀስ ተጠቀሙ፣ የእናታችሁን መቀስ ተዉላት። መቀሱ ያለፈበት ጠርዝ ወደ አንድ ጎን ሹል ሆኖ ይነሳል። በዓይን አይታይም፣ በጥፍር ግን ይታወቃል። ሞረድ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማዕዘኑን ክብ ማድረግ። የተቆረጠው ጠርዝ ልባስ ስለሌለው ይዝጋል፤ የጥፍር ቀለም ቀቡት። በማስቲሽ ካጣበቃችሁት አዳማ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ማስቲሹ ይለሰልሳል። ትንንሾቹ ብርቱ ማግኔቶችም፣ ኒዮዲሚየም የሚባሉት፣ ተራዎቹ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጉ መድከም ይጀምራሉ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሮቤር ኡዳን የሚባል የታወቀ ፈረንሳዊ ምትሃተኛ ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት በቅኝ ወደያዛት አልጄሪያ ላከው። አንድ ትንሽ ሣጥን ይዞ ሄደ። ሣጥኑን ሕፃን ያነሳዋል፤ እሱ "አሁን ጉልበትህን ወሰድኩ" ሲል ግን ጎረምሳው ከመሬት ማላቀቅ ያቅተዋል። ምስጢሩ እኛ የምናወራው ነው። የሣጥኑ መቀመጫ ብረት ነበረ፤ ከመድረኩ ሥር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ተደብቋል። የተላከው ሕዝቡ የሚሰማቸውን የሃይማኖት ሰዎች አሳንሶ፣ የፈረንሳይ ኃይል ይበልጣል ለማስባል ነው። እጁን አደንቃለሁ። ሥራውን ግን አልወደውም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህም ዕቃ በራሱ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው "መተት ነው"፣ "ሰይጣን አለበት" ማለቱ አይቀርም። አንዳንድ ልጅ ይህ ሲባል ደስ ይለዋል፣ ይባስ ብሎ ያጋግለዋል። እናንተ ግን ትርኢቱ ሲያልቅ "ልምምድ ነው፣ ጨዋታ ነው" በሉ። ምስጢሩን መግለጥ አይጠበቅባችሁም። ትርኢቱን ወደ ቁማር የሚወስድ፣ ወይም ፈውስ ነው ብሎ ገንዘብ የሚለቅም ካለ እኔ ዘንድ ብረት የለውም።

በመጨረሻ የማግኔት ነገር። ሕፃን ሁለት ብርቱ ማግኔት ቢውጥ አንጀቱ ውስጥ ይፈላለጋሉ፤ መሐላቸው የገባውን አንጀት ጨምቀው ይበሱታል። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪያልፍለት አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው አጠገብም ማግኔት አታውጡ፤ የሰው ኤቲኤም ካርድ ላይም አታሳርፉት። በልደት ቤት ደግሞ ልጆች ዕቃችሁን ሳይበረብሩ አይቀሩም። ስለዚህ የምትሃት ሣጥናችሁን ቁልፍ አስገጥሙለት። ማጠፊያና ቁልፍ ማንጠልጠያ ከፈለጋችሁ ከላሜራ ቁራጭ እኔ እሠራላችኋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ኑ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ይበዛል።