መልስ፦ የድሮው ጀልባ ለምን ያብዳል?

ወንድሜ፣ ከአባትህ የወረስከው በሪሞት የሚነዳ ጀልባ ጎረቤትህ የራሱን ሲያበራ ለምን እንደሚያብድ ጠይቀሃል። ሁለታችሁም አንድ ፍሪኩዌንሲ (የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር) ላይ ስለሆናችሁ ነው። በ27 ሜጋኸርትዝ ዕቃ ቻናሉን፣ ማለትም ትክክለኛውን ፍሪኩዌንሲ፣ የሚወስነው ክሪስታል የሚባለው ትንሽ ተነቃይ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለንደን ውስጥ ኩሬ ዳር ስንሰበሰብ ማን በየትኛው ቻናል እንዳለ እንዲታወቅ አንቴናችን ላይ ባለቀለም ጨርቅ እናስር ነበር፤ 26.995 ሜጋኸርትዝ ቡናማ፣ 27.045 ቀይ፣ 27.255 ሰማያዊ። አንድ ቀን እኔም ቀይ ላይ ሆኜ የሌላ ሰው ቀይ ጨርቅ ሳላይ ሪሞቴን አበራሁ። የሰውየው ጀልባ ዞሮ የኩሬውን ጠርዝ መታና ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት የተሠራው አፍንጫው ተሰነጠቀ። የሰውየው የወራት ልፋት ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከጎረቤትህ ቻናል ለመለየት ክሪስታል ስትቀይር የሪሞቱንና የሪሲቨሩን (ጀልባው ውስጥ ያለው ሲግናል ተቀባይ) በጥንድ ግዛ። አብዛኛውን ጊዜ በ455 ኪሎኸርትዝ ስለሚለያዩ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። የፕሮፔለሩን ዘንግ ቱቦም ግሪስ ሙላው፤ ውሃ ሾልኮ የሚገባው በዚያ ነው።