የቬዳን መንገድ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ወረቀቱን አታስቀድሚ፣ እሳቱን አስቀድሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አነበብኩት። ሕንድ አገር ኖይዳ ለማስተርስ ትምህርት መጥተሽ እሑድ እሑድ ከጓደኞችሽ ጋር አርያ ሰማጅ ከሚባለው የሂንዱ ማኅበር ቤት እየሄድሽ ሀቫን በሚሉት የእሳት መሥዋዕት ሥርዓት ላይ እንደምትቀመጪ፣ አሁን የቬዳን፣ የሂንዱዎቹን ጥንታዊ ቅዱስ መጻሕፍት፣ መንገድ ከልብሽ መያዝ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ከየት እንደሚጀመርና ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቀሻል። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «ወደ አገርሽ ተመለሺ» አሉሽ፤ ሌሎቹ የደላላ ስልክ ሰጡሽ። የመጀመሪያዎቹን ለራሳቸው እተዋቸዋለሁ። የደላላውን ስልክ ግን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እኔ በዚያ በር ገብቼ ወጥቻለሁ።

ለማግባት ነው አላልሽም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሜዳ ተነስቶ አይመጣም፤ ስለዚህ እንደ እኔ ከበስተጀርባሽ አንድ ሕንዳዊ ከነእናቱ እንዳለ ቆጥሬ ነው የምጽፍልሽ። ከሌለም የማይጠቅምሽን እየዘለልሽ አንብቢ።

1. ሀቫን ምን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ተቀምጠሽበታል። ዳር ሆኖ ማየት ግን አይበቃም። የራስሽን የመዳብ ኩንድ፣ እሳቱ የሚነድበትን ዕቃ፣ ግዢ፤ ትንሿ ትበቃለች። የማንጎ እንጨቱን፣ ካምፎሩንና ሳማግሪ የሚሉትን የዕፀዋት ድብልቅ የፑጃ፣ የአምልኮ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ይይዛል። ሳማግሪውን ከመክፈልሽ በፊት በእጅሽ ዘግነሽ አሽትቺው፤ የመጋዝ ብናኝ ቀላቅለው የሚሸጡ አሉ። ቅቤን በተመለከተ ደግሞ እናትሽ ከአዲስ አበባ የላኩልሽን እንዳታስቢ። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤ ለወጥ እንጂ ለአግኒ፣ ለእሳቱ፣ አይቀርብም፤ ቅመም ያልነካው ንጥር የላም ቅቤ ነው የሚፈለገው። ናይለን ልብስ ለብሰሽ አትቀመጪ፤ ፍንጣሪ ይበሳዋል። ሳማግሪውን በአውራ ጣት፣ በመሐል ጣትና በቀለበት ጣት ብቻ ያዢ፤ ሌባ ጣትሽን አታስገቢ። እኔን ይህን ያስተማረችኝ አማቴ ናት፤ ሌባ ጣቴ በገባ ቁጥር በማንኪያ እጀታ መታ ታደርገኝ ነበር።

በቅቤ የተነከሩትን ሦስት እንጨቶች ተራ በተራ ማስገባቱን፣ በኩንዱ ዙሪያ ውኃ መርጨቱን፣ «ስዋሃ» የሚለው የመሥዋዕት ቃል በተባለ ቁጥር እጅ መዘርጋቱን ሳትሳሳቺ መሥራት ስትችዪ፣ ጋያትሪ የሚባለውንም የቬዳ ጸሎት ወረቀት ሳታዪ ስትይው፣ ያን ጊዜ ስለ ሹዲ፣ ወደ ሃይማኖቱ ስለሚያስገባው የማንጻት ሥርዓት፣ አስቢ። ስዋሚ ዳያናንዳ አርያ ሰማጅን እ.ኤ.አ. በ1875 ቦምቤይ ላይ ሲያቋቁሙ ሴትም ሆነ ዝቅተኛ ተብሎ የተገፋ ሰው ቬዳን ማንበብ ይችላል ብለው የተከራከሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ «አንቺ ምን አግብቶሽ» የሚል ካጋጠመሽ ይህንን ንገሪው። እኔ ነግሬ አፍ አዘግቻለሁ።

2. ሹዲን በተመለከተ። አብዛኛው የሂንዱ ወግ እንደ ጥምቀት ያለ መግቢያ በር የለውም፤ ከውጭ የመጣን ሰው በሥርዓት ተቀብሎ የምስክር ወረቀት መስጠትን በሰፊው ያስለመደው አርያ ሰማጅ ነው። በአርያ ሰማጅ ስም ሰሌዳ የሰቀለ ሁሉ ግን አርያ ሰማጅ አይደለም። እኔ ባለሁበት በፑኔ ከተማ፣ ማሃራሽትራ ውስጥ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ አንድ መተላለፊያ ውስጥ «የዛሬ ጋብቻ፣ የዛሬ ወረቀት» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም። ደላላው እጃችንን ይዞ ያስገባን እዚያ ነው።

ጸሐፊው ፓን የሚሉትን ቅጠል እያኘከ መዝገቡን ገለጠና ቀና ብሎ ሳያየኝ «ለውጭ ሰው እጥፍ ነው» አለ። ከዚያ ጎትራዬን ጠየቀኝ፤ የዘር ሐረጌን ማለቱ ነው። የለኝም ስለው «ካሽያፕ» ብሎ ጻፈና አለፈ። ጎትራውን ለማያውቅ ሰው ካሽያፕ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፣ በዚህ አልከፋም። የከፋኝ ፓስፖርቴ ላይ ሲደርስ ነው። ማሃራሽትራ ውስጥ ያገባች ሴት ከስሟ ቀጥሎ የባሏን ስም ትጽፋለች። ሰውዬው ከስሜ ቀጥሎ የአባቴን ስም አየና «የመጀመሪያ ባልሽን የፈታሽበት ወረቀት የት አለ?» አለኝ! አባቴ ነው ብል፣ ባለቤቴ በአገሬው ቋንቋ በማራቲ ቢያስረዳው፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ «ለማስተካከያ» ተብሎ ሌላ ገንዘብ ተቆጠረ። የአባቴን ስም ከባልነት ለማውጣት ከፈልን ማለት ነው።

ሥርዓቱማ ምኑ ይነገራል። ካምፎር በሰሃን ላይ ለኩሰው፣ ሹዲውንና ጋብቻውን በአንድ ላይ አጣድፈው፣ ሥርዓቱን የሚመራው ፓንዲት በመሐል ስልክ እያነሳ፣ ሙሽሮች በእሳቱ ፊት አብረው የሚረግጡትን ሰባቱን እርምጃ ሳንጨርስ ቀጣዮቹ ጥንዶች በር ላይ ቆመዋል ተብለን ተነሳን። የአበባ ጉንጉን አጥልቀን ፎቶ ተነሳን፣ ማኅተሙ ዱብ አለ፣ ሄድን።

ወረቀቱን ይዘን ጋብቻ ለማስመዝገብ ስንሄድ መዝጋቢዋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠችና «ሳፕታፓዲው የት አለ?» አለች፤ ሰባቱን እርምጃ ማለቷ ነው። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. የ1955ቱ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ሰባቱ እርምጃ በሚፈጸምበት ወግ ጋብቻው የሚጸናው ሰባተኛው እርምጃ ሲረገጥ ነው ይላል። በ2024 ደግሞ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ካልተፈጸመ የምስክር ወረቀት ብቻውን የሂንዱ ጋብቻ አያደርግም ብሎ በግልጽ ተናግሯል። በእኛ ጊዜ ይህ ፍርድ ገና አልወጣም ነበር፤ መዝጋቢዋ ግን አልፈለገችውም። እንደገና ወደዚያ ቤት ብንመለስ ጸሐፊው «ገንዘብ አይመለስም» የሚል የተለጠፈ ወረቀት በጣቱ አሳየን። በዚህ ምልልስ መካከል ያላገባሁ መሆኔን የሚገልጸው ደብዳቤ ጊዜው አለፈበት፣ የቪዛዬ ማብቂያም ደረሰ። የከሰርነውን ገንዘብ ባስብ እስከ ዛሬ ያመኛል፤ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን የሰውዬው ትዕቢት ነው።

3. እንግዲህ በኋላ የተሳካልንን ልንገርሽ። ሕጉንና እሳቱን ለያየናቸው። ለመንግሥት የልዩ ጋብቻ ሕግ የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1954ቱ አለ፤ ሃይማኖት ለውጪ አይልም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ በአውራጃው ቢያንስ 30 ቀን የኖራችሁ መሆን አለባችሁ፤ ማመልከቻችሁ በመሥሪያ ቤቱ ተለጥፎ 30 ቀን ይቆያል፣ ተቃዋሚ ካልመጣ በሦስት ምስክሮች ፊት ትፈርማላችሁ። ያሰለቻል እንጂ ሕጋዊነትሽን የሚጠራጠር የለም። በር ላይ ተለጥፎ ስማችንን መንገደኛው ሁሉ ሲያነበው የባለቤቴ አጎት ማፈሩን አልደብቅሽም።

ከዚያ በኋላ ያለ ጥድፊያ፣ ያለ ደላላ፣ በአማቴ ግቢ እሳቱን ለኮስን። ሥርዓቱን የመራችው ሴት ናት። ፑኔ በዚህ ትታወቃለች፤ ድንያን ፕራቦዲኒ የሚባለው ተቋም ሴቶችንም ለዚህ አገልግሎት ያሠለጥናል፣ ማንትራውንም፣ የጸሎቱን ቃል፣ ትርጉሙን እያስረዱ ነው የሚያካሂዱት። ላጃ ሆም የሚሉት የሩዝ መሥዋዕት ላይ ስንደርስ እንደ ፈንዲሻ የፈካውን ሩዝ በሙሽራይቱ መዳፍ የሚሞላው ወንድሟ ነው። የእኔ ወንድም ጎንደር ነው ያለው። አብሮኝ የሚማር የወልድያ ልጅ ነጭ የአገር ልብሱን ለብሶ መጣና «እኔ አለሁ» አለ። ሩዙን ሲሰጠኝ እጁ እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ ሥርዓቱን የምትመራው ፑሮሂት ሳቀችና እንደገና አስሞላችው። ሰባቱንም እርምጃ ቆጥረን ረገጥን። ሹዲውን የፈጸምኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እሑድ ጠዋት የሰፈራችን ጉባኤ ፊት ነው። ዛሬ አማቴ ጉልበቷን ሲያማት ሀቫኑን የምመራው እኔ ነኝ፤ ማንኪያውንም የምይዘው እኔ ነኝ።

እናቴ በስልክ «እሳት ልታመልኪ ነው የሄድሽው?» ብላ ያለቀሰችውን አልረሳም። ሪግቬዳ ገና በመጀመሪያው ቃል አግኒን የሚጠራው መሥዋዕቱን ተቀብሎ የሚያደርስ ስለሆነ ነው፣ አርያ ሰማጅም ምስል የለውም፣ አንድ አምላክ ነው የሚለው ብዬ አስረዳኋት። አልተቀበለችኝም፤ አሁን ግን ስትደውል «እሳቱ ነደደ?» ብላ ትጠይቀኛለች። «ያው እንደ ደመራ ነው» ብለሽ ለማባበል እንዳትሞክሪ፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ ሁለቱንም ወገን ነው የሚያስቀይመው።

4. ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። አንቺ ያለሽው ኖይዳ፣ ኡታር ፕራዴሽ ነው፤ እዚያ እ.ኤ.አ. የ2021 የሃይማኖት ለውጥ ሕግ አለ። ሃይማኖቱን የሚለውጥ ሰው ከ60 ቀን በፊት ለአውራጃው ማጅስትሬት ማሳወቅ አለበት፤ ሥርዓቱን የሚመራው ካህንም በበኩሉ ከአንድ ወር በፊት ያሳውቃል። በ2024 ቅጣቱን አክብደውታል። ስለዚህ ያ ደላላ «በአንድ ቀን እንጨርሳለን» ሲልሽ አንቺን እስር ቤት በር ላይ ሊያቆምሽ ነው። እሑድ ሀቫን ላይ መቀመጥሽን፣ ቤትሽ ኩንድ መለኮስሽን፣ ጋያትሪ ማለትሽን ይህ ሕግ አይነካውም፤ ወረቀት ሲመጣ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ጠበቃ ያዢ፣ ጠበቃውንም ፍርድ ቤት በር ላይ ከቆሙት መካከል አትምረጪ። ማመልከቻ በሞላሽ ቁጥር ከአባትሽ ስም ጎን «አባት» ብለሽ በትልቁ ጻፊበት። ሆስቴል የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ ኩንዱን ክፍልሽ ውስጥ አትለኩሺ፤ የጢስ ማስጠንቀቂያው ይጮህና ዋርደኗ በሌሊት ታስወጣሻለች። ሰገነቱን አስፈቅጂ፣ ወይም ጠዋት አርያ ሰማጁ ቤት ሂጂ፤ ብዙዎቹ በየቀኑ ይለኩሳሉ፣ ገንዘብም አይጠይቁሽም።