የአፕቲትዩድ ቁጥሮች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞችና የባንክ ቅጥር ፈተና ከሚጠባበቁ ተመራቂዎች ናቸው። ላይ ላዩን ሲታዩ ይለያያሉ፤ ብዙዎቹን የሚፈታው ግን ያው ቀሪ፣ ማለትም ሲካፈል የሚተርፈው ቁጥር ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

«95 ሰባቶች ቢባዙ የውጤቱ የመጨረሻ አሃዝ ስንት ነው? ያለ ካልኩሌተር ይህን ሁሉ እንዴት ላስላው?» የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ከደሴ

እህቴ፣ የተጠየቅሽው የአንድ ቤቱን አሃዝ ብቻ ስለሆነ ሙሉውን ማስላት አያስፈልግሽም። በመጀመሪያ 7፣ ከዚያ 49፣ 343፣ 2401 ይመጣል። መጨረሻዎቹን ብቻ ተመልከቺ፦ 7፣ 9፣ 3፣ 1። ቀጥሎ 1 በ7 ሲባዛ ተመልሶ 7 ስለሚሆን አሃዞቹ በየአራቱ ይዞራሉ። 95 ለ4 ሲካፈል 23 ደርሶ 3 ይቀራል፤ ሦስተኛው አሃዝ 3 ነው፣ መልሱም እሱ ነው። ሰባቶቹ 96 ቢሆኑ ኖሮ ምንም አይቀርም ነበር። ያኔ የሚወሰደው አራተኛው፣ ማለትም 1 ነው። ብዙ ተፈታኝ ዜሮ ቀሪ ሲያይ የመጀመሪያውን አሃዝ ይመርጣል፤ እዚህ ላይ ተጠንቀቂ።

ይህ ስሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) ይገኛል፤ እሱም ለ4 ይካፈላል። 1 ቢቀር ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ቢቀር ማርቆስ፣ 3 ቢቀር ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዮሐንስ ይባላል። 2018ን እንውሰድ፦ 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ። የደረሰው 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። እሱ ከ7518 ጋር ሲደመር 9397 ይሆናል፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ ነውና የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ልብ በይ፣ 5500 ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ ወንጌላዊውን ብቻ ለማወቅ ከተፈለገ መደመሩ እንኳ አያስፈልግም። 100ም ለ4 በትክክል ስለሚካፈል የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ማየት ይበቃል፤ 18 ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል። የቀን ጥያቄ በፈተና ሲመጣ በዚሁ መንገድ ሂጂ።

«ለ3 ሲካፈል 2፣ ለ4 ሲካፈል 3፣ ለ5 ሲካፈል 4 የሚቀረው ትንሹ ቁጥር ማን ነው? አንድ በአንድ ስሞክር ሰዓቱ አለቀብኝ።» የባንክ ተፈታኝ፣ ከአዲስ አበባ

ቀሪዎቹን ከአካፋዮቹ ጋር ያስተያዩአቸው። ሦስቱም ቦታ የጎደለው 1 ብቻ ነው። ቁጥሩ ላይ 1 ቢጨመር ለሦስቱም እኩል ይካፈላል ማለት ነው። የ3፣ የ4 እና የ5 ትንሹ የጋራ ብዜት 60 ነው፤ ከዚያ 1 ሲቀነስ 59።

ጉድለቱ እኩል ካልሆነ ግን ይህ መንገድ አያገለግልም። ለምሳሌ ለ5 ሲካፈል 3፣ ለ7 ሲካፈል 4 የሚቀረው ቢባል፣ በትልቁ አካፋይ ይጀምሩ፦ 4፣ 11፣ 18። ከእነዚህ ለ5 ተካፍሎ 3 የሚተርፈው 18 ነው። ሦስት ሙከራ ብቻ ፈጀ።

«የአሃዞቹ ድምር 9 የሆነ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ሲገለበጥ በ27 ይጨምራል። ማን ነው?»

ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ሲገለበጥ የሚመጣው ለውጥ ሁልጊዜ የአሃዞቹ ልዩነት 9 እጥፍ ነው። 27 ለ9 ሲካፈል 3። ድምራቸው 9፣ ልዩነታቸው 3 የሆኑት 6 እና 3 ናቸው። ሲገለበጥ የሚጨምር ስለሆነ ትንሹ ይቀድማል፦ 36።

«ቴሌግራም ላይ ሾርትከቱን ብቻ እየሸመደድኩ ነው። አይበቃም?»

አይበቃም። አንዱን ላሳይህ። 345 በ678 ሲባዛ ስንት ነው ተብሎ ከምርጫዎቹ መካከል 233,910 እና 233,190 አሉ እንበል። አሃዞችን እየደመሩ ለ9 ሲካፈል የሚቀረውን በማስተያየት የሚያረጋግጡበት የ9 ዘዴ ሁለቱንም ያሳልፋል፤ አሃዞቹ ቦታ ቢቀያየሩ ድምሩ አይለወጥምና። ዘዴው ለምን እንደሚሠራ የገባው ሰው ድክመቱንም ስለሚያውቅ ለ11 ሲካፈል የሚቀረውን ወደሚያስተያየው የ11 ዘዴ ይሄዳል። 11 ከቀኝ ጀምሮ አንዱን እየደመረ ቀጣዩን እየቀነሰ ስለሚሄድ ቦታን ይለያል። 345 ላይ 5−4+3 = 4፤ 678 ላይ 8−7+6 = 7፤ ብዜታቸው 28 ለ11 ሲካፈል 6 ይቀራል። 233,910 በዚሁ መንገድ 6 ይሰጣል። 233,190 ግን −10 ይሆናል፤ 11 ሲጨመርበት 1። ስለዚህ ይወድቃል።

«ከ1 እስከ 100 ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ቢባዙ መጨረሻው ላይ ስንት ዜሮ ይኖራል?»

24። ዜሮ የሚፈጥረው 2 ከ5 ጋር ሲገናኝ ነው፤ 2 ሞልቷል፣ የሚቆጠረው 5 ነው። የ5 ብዜቶች 20 ናቸው፤ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ተጨማሪ 5 ይዘዋል።