መልስ፦ «ሃይድሮ» ውሃ ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም

ሰላም ወንድሜ። ልጅህ ፈተና ላይ «ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሃይድሮ ማለት ውሃ ነው» ብሎ መልሶ ኤክስ ተደረገበት አልክ። አትቆጣው፣ ግማሹን አግኝቶታል።

የጥንት ግሪኮች ውሃን «ሂዶር» ይሉት ነበር። ባዕድ መነሻው ከዚያ መጣ። እኔ ያደግኩት አቃቂ ነው። ከእኛ ዝቅ ብሎ አባ ሳሙኤል ግድብ አለ፤ የአገራችን የመጀመሪያው የሃይድሮ ፓወር ጣቢያ። ወንዙ ተርባይን ይመታል፣ መብራት ይወጣል። እዚህ ላይ ሃይድሮ ጥርት ያለ ውሃ ነው (የአቃቂን ወንዝ ሽታ የምታውቁ «ጥርት ያለ» ማለቴን ይቅር በሉኝ)።

ሃይድሮጅን ደግሞ «ውሃ አስገኚ» ነው፤ «ጅን» መውለድን ያመለክታል። ስሙን በ1787 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮይዚዬና ባልደረቦቹ አወጡለት። ጋዙ ሲቃጠል ውሃ ይሆናላ! ቀዝቃዛ ብርጭቆ ነበልባሉ አጠገብ ቢያዝ ያልበዋል።

ልጁን የሸወደው ግን ይሄ ነው፦ ኬሚስትሪ ውስጥ ሃይድሮ ብዙ ጊዜ የሃይድሮጅን ማሳጠሪያ ነው። ያ አሲድ ሃይድሮጅንና ክሎሪን ነው፤ ውሃ በስሙ ውስጥ የለም።

ሃይድሮፎቢያስ? ውሃ መፍራት። የእብድ ውሻ በሽታ የጠናበት ሰው ሊጠጣ ሲል ጉሮሮው ስለሚኮማተር ነው።