መልስ፦ ነርስ ራቼድ ሳትጮህ ለምን ታስፈራለች?

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ የሚካሄደውን «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» የተባለ ፊልም አይተው፣ «ነርሷ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አታደርግም፤ ታዲያ ለምን ክፉ ትባላለች?» ብለዋል። ለእኔ የምታስፈራው ስለማትጮህ ነው።

የቤዝቦል ጨዋታ በቴሌቪዥን ለማየት ድምፅ የተሰጠበትን ስብሰባ ያስታውሱ። ከሕሙማኑ አንዱ የሆነው አመፀኛው ማክመርፊ በመከራ ዘጠኝ እጅ ያስነሳል። እሷ ግን ፈገግታዋ ሳይጠፋ፣ በክፍሉ 18 ሕሙማን ስላሉ አብላጫ አላገኘህም ትለዋለች። ከቀሩት አንዳንዶቹ እኮ የተጠየቁትን እንኳ የሚረዱ አይደሉም! ሰውየው ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ሲማጸን፣ መስማትና መናገር የተሳነው ነው የሚባለው ግዙፉ ሕመምተኛ ቺፍ እጁን ቀስ አድርጎ ያነሳል። አሥር ሞላ። መልሷ ምን ሆነ? ስብሰባው ተዘግቷል። አንድም ደንብ አልጣሰችም፤ ደንቡን ግን እንደ በር ቁልፍ በእጇ ይዛዋለች። ከዚያ በኋላ ማክመርፊ በጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የሌለ ጨዋታ በጩኸት ያስተላልፋል፤ ሕሙማኑም ከበውት ይጨፍራሉ። ከፊልሙ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ሉዊዝ ፍሌቸር በዚህ ሚና ኦስካር አግኝታለች፤ ይገባታል።

ፊልሙ ስለተቀረጸበት ቦታ ለጠየቁት፦ አዎ፣ እውነተኛ ሆስፒታል ነው፤ ኦሪገን ውስጥ ሳሌም ከተማ ይገኛል። የሆስፒታሉ ኃላፊ የነበሩት ዲን ብሩክስ ራሳቸው በፊልሙ ውስጥ ያለውን ሐኪም ዶክተር ስፓይቪን ሆነው ተውነዋል። ፊልሙ የተመሠረተበትን መጽሐፍ ካገኙ ደግሞ ያንብቡት፤ እዚያ ታሪኩን የሚተርከው ቺፍ ነው።